«ሄረም-ስኬረም» ማለት ምን ማለት ነው? ከደሴ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ማታ ደግሞ ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ከአሮጌ የንባብ መጽሐፍ አንድ ቃል ገልብጣ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ስድብ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቃሉ «ሄረም-ስኬረም» (harum-scarum) ነበር። ለእሷ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም ሳይቀር ይጠይቁኛል። እየደጋገምኩ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ባጭሩ ምን ማለት ነው?

ቅጽል ነው። ሳያይ የሚገባ፣ ሳያስብ የሚሮጥ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን የሚጀምር ሰውን ይገልጻል። ግድየለሽነት አለበት፣ ጥድፊያ አለበት፣ ዝርክርክነትም አለበት። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ቃሉ ይመጣል። አንዳንድ መዝገበ ቃላት «ኢንፎርማል» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። የቤትና የጨዋታ ቃል ነው፣ ለቢሮ አይሆንም ማለታቸው ነው።

እንዴት ነው የሚነበበው?

«ሄ» ላይ ረገጥ አድርጉ፣ «ስኬ» ላይ ደግሞ ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ። ሁለቱ «ረም» ፈጠን ብለው ያልፋሉ፣ አይጎተቱም። ሲጻፍ መሐሉ ላይ አጭር ጭረት አለው።

ተማሪዎቼ «ሃሩም ስካሩም» ብለው ነው የሚያነቡት። ፊደሉን ላየ ሰው እውነታቸውን ነው፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መቼ ታምኖ ያውቃል። አንዱ እንዲያውም «ቲቸር፣ ስካሩም ስላለበት ነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ስካር የለበትም። በጤናው ነው እንዲህ የሚሆነው።

ከየት የመጣ ቃል ነው?

በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። አመጣጡን ሲናገሩ በብዛት የሚነሱት ሁለት ቃላት ናቸው፦ «ሄር» እና «ስኬር»። «ስኬር» ማስደንገጥ ነው። «ሄር» ደግሞ ጥንቸል ናት። ይኸው «ሄር» በድሮ እንግሊዝኛቸው ማስፈራራት፣ ማዋከብ የሚል ግስም ነበር። ስለዚህ ቃሉ ገና ሲወለድ ድንጋጤ አለበት። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ ጥንቸሏ ትንሽ ልበል። እኛ በአማርኛ ሁሉንም ጥንቸል እንላለን፣ እንግሊዞች ግን ይለያሉ። ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው «ራቢት» ነው። «ሄር» ጉድጓድ የላትም። ሣር ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ተጋድማ ትውላለች። እኛ ደጋ ላይ የምናያት ባለ ረጃጅም ጆሮ የዱር ጥንቸል በእነሱ አጠራር «ሄር» ናት።

በልጅነቱ ከብት የጠበቀ ያውቃታል። እግርህ ሥር እስክትደርስ ድረስ ንቅንቅ አትልም። መሬት ለብሳ፣ ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ዝም ትላለች። ልትረግጣት አንድ እርምጃ ሲቀርህ ፊጥ! ትወጣለች። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። የት እንደምትሄድ እሷም የምታውቅ አይመስልም። አንተ ደግሞ ልብህን ይዘህ ቆመህ ትቀራለህ። ማን ማንን እንዳስደነገጠ አይታወቅም። የ«ሄረም-ስኬረም» ሰው አካሄድ ይሄ ነው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?

ብዙው ሰው የሚልከልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

አብዛኛው ተማሪ «ግድየለሽ» ብሎ ይተረጉመዋል። አይከፋም፣ ግን ግማሹን ነው የያዘው። ግድየለሽ ሰው ቁጭ ብሎም ግድየለሽ ነው። ቤቱ ሲያፈስ አልጋውን ወደ ጥግ ገፍቶ ይተኛል። «ሄረም-ስኬረም» ግን ቁጭ አይልም። «ችኩል» የሚሉም አሉ። ችኩል ሰው ቢያንስ የሚቸኩልበት ቦታ አለው። «ቅብጥብጥ» ጥሩ ነው፣ ይቀርባል፣ ግን ለልጅ ያደላል።

የእኔ ምርጫ «ደንባራ» ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ያደግኩት ኩታበር በኩል ነው። ጎረቤታችን አንዲት ቡላ በቅሎ ነበረቻቸው። አያ ብለን ነው የምንጠራቸው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን ገብስ ጭነው ወደ ገበያ ሲወርዱ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። መንገዱ ላይ አንድ አይሱዙ መጣና ጥሩምባውን ለቀቀው። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጆሮዋ ነው። ሁለቱም ቀጥ አሉ። ከዚያ የፊት እግሯ መሬት ለቀቀ። መኪናው ካለፈ በኋላ ነው ደግሞ የሮጠችው፣ መኪናው ወደሄደበት! መጫኛው ላላ፣ አንደኛው ኬሻ ሆዷ ሥር ገባ፣ እሱን እየረገጠች ባሰባት። ገብሱ መንገዱ ላይ መስመር ሠርቶ ቀረ። አያ አልተቆጡም። ሜዳው ላይ ቆመው «አይ ደንባራ! ማን ነካሽ?» አሉና ገብሱን በነጠላቸው መልቀም ጀመሩ። እኔም አብሬ ለቀምኩ። ዶሮዎችም መጡ።

ደነበረ ማለት ደንግጦ ፈረጠጠ ማለት ነው። ደንባራ ማለት ደግሞ መደንበር ልማዱ የሆነ፣ በቅሎም ይሁን ሰው። እንግሊዝኛው ከደነገጠች ጥንቸል ተነሳ፣ አማርኛው ከደነገጠች በቅሎ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። አሳዳጅ ሳይኖረው እንደተሳደደ የሚሮጥ ሰው አይተዋል፣ ከእንስሳው ላይ ስም አውጥተውለታል።

ተረታችንስ ምን ይላል፣ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ»። ቀድሞም የምትደነብር ናት፣ አንገቷ ላይ የሚንቃጨል ነገር ሲጨመርማ አስቡት። ለ«ሄረም-ስኬረም» ልጅ ስልክ መግዛት እንደማለት ነው።

ሰውን ስንገልጽ «ድንብርብሩ የወጣ» ማለትም እንችላለን። እሱ ግን አንድ ቀን ለሆነ ነገር ነው። ፈተና ቀን ድንብርብሩ የወጣ ልጅ በሌላው ቀን ጨዋ ሊሆን ይችላል። ደንባራው ግን ሁሌም ደንባራ ነው።

«ሬክለስ» ከሚለው ቃል ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው?

«ሬክለስ» መደበኛ ቃል ነው። ዜና ላይ፣ ፍርድ ቤት፣ የትራፊክ ደንብ ላይ ታገኙታላችሁ። «ሬክ» የሚለው አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል መጨነቅ፣ ግድ ማለት ነው። «ለስ» ደግሞ የለሽ። ግድ-የለሽ! ቁርጥ የእኛው ቃል፣ አሠራሩ ሳይቀር። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁሌ አንድ ሰው «ከእኛ ወስደው ነው» ይላል። አልወሰዱም፣ እኛም ከእነሱ አልወሰድንም። ሁለቱም ግድ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ አይተዋል።

ልዩነቱን በባጃጅ ላሳያችሁ። አንድ ማለዳ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ እየሄድን ነው። ጉም ነው፣ የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ፣ የፊት ጎማው ራሱ በግድ ነው የሚታየው። ሹፌሩ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ይዞ ያወራል። አንድ እጁ መሪ ላይ ነው፣ በሌላው መልስ ይቆጥራል። አጠገቤ ልጅ ያዘለች እናት ነበረች። «ወንድሜ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ልጅ ይዣለሁ» አለችው። ዞር ብሎ፣ ልብ በሉ፣ ዞር ብሎ፣ «አብሽሪ እናቴ፣ መንገዱን ተኝቼም አውቀዋለሁ» አላት። ይሄ ልጅ «ሬክለስ» ነው። አደጋውን ያውቃል፣ ተነግሮታልም፣ ግዱ አይደለም። እዚህ ላይ «ሄረም-ስኬረም» ብትሉ ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ቃሉ ላይ የፈገግታ ሽታ አለ፣ ሰው ሊሞት በሚችልበት ነገር ላይ ፈገግታ አያምርም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ አስቡ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ። ሐረጎ ላይ ጥምዝምዙን በማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬኑ እየጋለ እንደሚደክም ያውቃል። እያወቀ ከወረደ «ሬክለስ» ነው። «ሄረም-ስኬረም» ደግሞ መኪናውን ሲያስነሳ ረዳቱን ጥሎት የሄደው ነው።

የሕግ ቋንቋችን ሌላ ቃል ነው የሚጠቀመው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ላይ ስለ ቸልተኝነት ይናገራል። ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ የገባበትንም፣ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላወቀውንም ቸልተኛ ይላቸዋል። ዳኛ ፊት «ደንባራ ነኝ» ማለት ምንም አያድንም።

አንድን ሰው «ሬክለስ» ልበለው «ሄረም-ስኬረም» ሲያቅተኝ ምን ላድርግ?

እናቶቻችን የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠይቁ። «ማን አባረረህ?» የሚያስብለው «ሄረም-ስኬረም» ነው። «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» የሚያስብለው «ሬክለስ» ነው። መዝገበ ቃላት ላይ የለም፣ እስካሁን ግን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ስድብ ነው ወይስ ቁልምጫ?

ተናጋሪውን ያያል። ብዙ ጊዜ መሐል ቤት ነው፣ ወቀሳ ሆኖ ፍቅር ያለበት።

እህቴ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አለ። አቦል ሊቀዳ ነው፣ ሲኒው ረከቦት ላይ ተደርድሯል፣ ዕጣኑ ጨሷል፣ አንዲት የሰፈር እናት ዱአ እያደረጉ ነው። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሚን እንላለን። በሩ ብርግድ አለ። የእህቴ ልጅ ነው፣ 14 ዓመቱ። አንድ እግሩ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ቦርሳው ተከፍቶ ደብተሩ ተንጠልጥሏል። ኳሱን ፈልጎ ነው የመጣው። በረከቦቱ ላይ ዘለለ። ዘለለውና አለፈው፣ ሁላችንም ተነፈስን። ሲመለስ ግን በቦርሳው ማንገቻ ሁለት ሲኒ ይዞ ሄደ። «ይህ ደንባራ! ማን አባረረህ?» አለች እህቴ። ዱአ ያደርጉ የነበሩት እናት ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ለዚህም ልቦና ይስጥልን» አሉና ቀጠሉ። «አሚን» አልን፣ ከሁሉም ይልቅ ጮኸን።

እህቴ ልጇን ሰደበችው? ቃሉ ስድብ ነው፣ ድምፁ ግን አልነበረም። «ሄረም-ስኬረም» ልክ እንደዚያ ነው። አክስት ስለ ወንድሟ ልጅ ብትለው ቁልምጫ ይሆናል። አለቃ ስለ ሠራተኛው ካለው ግን ሰውዬው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የሥራ ማመልከቻ ላይ ልጽፈው እችላለሁ?

በፍጹም።

ይሄን የምለው ያየሁት ስላለ ነው። የማታ ክፍል ተማሪዬ የነበረ አንድ ወጣት ኮምቦልቻ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ሊያመለክት «ደፋር ነኝ» ማለት ፈለገ። ስልኩ ላይ የ«ዴሪንግ»ን ተመሳሳይ ቃላት ፈለገ። ዝርዝር መጣለት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም የሚያምረውን መረጠ። «ሄረም-ስኬረም የሆንኩ ወጣት ነኝ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎ ላከ። ለእኔ ማሳየት አላስፈለገውም፣ ለነገሩ ቃሉ ራሱ እንደዚያ ያደርጋል።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩት። ጠያቂው ሸምገል ያሉ፣ እንግሊዝኛቸው የጠራ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አይተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ የእኛ ዕቃ መስታወት ነው» አሉት። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ልጁ አሁን ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ታሪኩን እራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው።

ተመሳሳይ ቃላት የሚባሉት ዘመዳሞች እንጂ መንታዎች አይደሉም። ወንድምህ ሠርግ ላይ በአንተ ስም ሊገባ ይችላል፣ ፈተና ላይ ግን አይችልም።

ደፋር ከማለት በምን ይለያል?

ደፋር ሰው ያያል፣ ይፈራል፣ ከዚያ ይገባል። ደንባራ አያይም። ገባ ማለትም ይከብዳል፣ ተገኘ ነው የሚባለው። በእርግጥ «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» እንላለን። ደንባራው መውጫውን ያገኛል፣ በሩን ግን ነቅሎት ነው።

ዘመዶቹ እነማን ናቸው?

ብዙ ናቸው፣ የምወዳቸውን ብቻ ልጥራ።

«ሄር-ብሬንድ» አለ። የጥንቸል ጭንቅላት ያለው ማለት ነው። ያቺው ጥንቸል ናት፣ እንግሊዞች አልለቀቋትም። ይሄ ግን ለሰው ሳይሆን ለዕቅድ ይቀናል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሎተሪ በጋራ ቆርጦ በሽልማቱ አውቶቡስ ሊገዛ ሲያስብ «ሄር-ብሬንድ» ዕቅድ ነው። ጥንቸሏ እነሱ ዘንድ በእብደት የታወቀች ናት፣ «እንደ መጋቢት ጥንቸል ያበደ» የሚል አነጋገርም አላቸው። በመራቢያ ወራቸው ሜዳ ላይ ቆመው በፊት እግራቸው ቡጢ ይቃመሳሉ። ወንዶች የሚጣሉ ይመስል ነበር፣ ብዙ ጊዜ ግን ሴቷ ናት አልፈልግህም ብላ የምታላጋው።

«ዴቭል-ሜይ-ኬር» ደግሞ አለ። ግድ የሚለው ካለ ሰይጣኑን ግድ ይበለው፣ እኔን አይለኝም እንደማለት። በእኛ «የመጣው ይምጣ» ነው። ይሄኛው ጥድፊያ የለበትም። ዘና ብሎ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው።

«ስላፕዳሽ» ለሥራ ነው። በጥድፊያ የተሠራ፣ የተለቀለቀ ሥራ። ለቀለቀ ያልኩት በምክንያት ነው። እንግሊዞችም ቃሉን በአንድ ወቅት ግድግዳ ሻካራ አድርጎ ለመለሰን ተጠቅመውበታል። እኛም «ለቅለቅ አድርጎት ሄደ» ስንል ጭቃ ቤት ነው ከኋላው ያለው።

«ጋንግ-ሆ» ታሪኩ ይገርማል። መነሻው ቻይንኛ ነው፣ ቻይና ውስጥ የነበሩ የኢንዱስትሪ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም አጭር መጠሪያ። የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን የነበረው ኢቫንስ ካርልሰን እዚያ ሰማው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ለጦሩ «አብረን እንሥራ» ብሎ መፈክር አደረገው። ወታደሮቹ በዚያ ጉልበት ሲጠቀሙበት ቃሉ ጉጉቱ አይሎ ሳያስብ የሚገባ ወደሚል ትርጉም ዞረ። ማኅበር የነበረው ቃል ወረራ ሆኖ አረፈው።

«ሃፒ-ጎ-ላኪ» የዋህ ነው። ነገ ምን ይበላል የማይል። ቁጣ አያስመጣም፣ ያስቀናል እንጂ።

ለምን ይደጋገማል? ሄረም… ስኬረም…

ለጆሮ ነው። እንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ነገርን ሲናገር ቤት መምታት ይወዳል። ወዲያ ወዲህ የተሯሯጠውን «ሄልተር-ስኬልተር» ይላሉ። የተደበላለቀውን «ሂግልዲ-ፒግልዲ»። ድምፁ ራሱ ሲንጋጋ ይሰማል።

እኛስ? እንቶ ፈንቶ። ትርኪ ምርኪ። ሸብ ረብ። ቤት የሚመቱ ሁለት ቃላት ናቸው፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ብቻውን ቢቆም ትርጉም የለውም። «ምርኪ» ምንድን ናት? ማንም አይነግርህም። ግን ትርኪ ያለሷ አይሆንላትም። ከዚያ ሌላ ደግሞ ቃሉን ከውስጡ የማጠፍ ጥበብ አለን፣ ድንብርብር፣ ዝርክርክ፣ ቅብጥብጥ፣ ውጥንቅጥ። አንድ ቃል ውስጥ ነገሩ ሁለቴ ይወድቃል። ይህን እንግሊዝኛ አይችለውም። ሁለት ቃል ያስፈልገዋል፣ እኛ በአንድ እንጨርሳለን።

ዛሬም ይባላል ወይስ አርጅቷል?

አርጅቷል። መጽሐፍ ላይ፣ ትልልቅ ሰዎች አፍ ላይ ይገኛል። ወጣቱ ብዙም አይለውም። አርጅቷል ማለት ግን ሞቷል አይደለም፣ የሰማው ሁሉ ይገባዋል። አንዱ የእናንተ ዕድሜ ልጅ ድንገት «ሄረም-ስኬረም» ቢል እንግሊዞቹ ፈገግ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ አንድ የ20 ዓመት ልጅ «እንደምን አረፈዱ» ሲል እንደምንለው፣ ይሄስ ከአያቱ ጋር ነው ያደገው።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት ነው የሚገባው?

በአብዛኛው ከስም በፊት። «ኤ ሄረም-ስኬረም ቦይ» ደንባራ ልጅ ነው። ከ«ሂ ዋዝ» በኋላም ይመጣል። እንደ ተውሳከ ግስ ሮጠ ከሚለው ቀጥሎ ሊገባ ይችላል፣ እንደ ስምም ሊቆም ይችላል፣ «ደንባራው መጣ» እንደምንለው። ወንድ ሴት አይለይም። «ደንባራ»ም አይለይም፣ ሌላ አንድ ነገር የሚገናኙበት።

ማትሪክ ላይ ይመጣል?

አይመስለኝም። ከመጣ ግን ስታስታውሱኝ ቡና ጋብዙኝ።

ለእንስሳ ይባላል?

መዝገበ ቃላቱ ለሰውና ለሰው አድራጎት ነው የሚሰጠው። ይህን ክፍል ውስጥ ተናግሬያለሁ፣ ሰሌዳ ላይም ጽፌያለሁ። በማግሥቱ ያቺ ቃሉን መጀመሪያ ያመጣችው ተማሪ የቤት ሥራዋን ሰጠችኝ። አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። አራቱ ከመጽሐፍ የተገለበጡ ይመስላሉ፣ ወንድሜ እንዲህ ነው፣ ጓደኛዬ እንዲህ ናት። አምስተኛው ግን የራሷ ነው። አያቷ ባቲ ሰኞ ገበያ ሲሄዱ በቅሏቸው ግመል አይታ ደንብራ ጨዋቸውን ሁሉ እንደደፋችው ጽፋለች። በቅሎዋን «ሄረም-ስኬረም» ብላታለች።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ጥቂት ቆየሁ። ልክ አደረግሁላት።